ተኝቶ እጅ መንሳት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጥፋተኛ ፍለጋ የሚደክም ሰው የለም። ለሁሉም ነገር ተጠያቂው አስቀድሞ ተይዟል፤ ብርድ ነው። ጉልበት ቢቆረጥም ብርድ ነው፣ ጥርስ ቢጠዘጥዝ ብርድ ነው፣ ባጃጅ ጠዋት አልነሳም ቢል ብርድ ነው፣ አዲስ ሙሽሮች ቢኮራረፉ እንኳ «ቤቱ ይበርዳል፣ ምን ያድርጉ?» ይባላል። እኔ ራሴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር፣ ፈተና የወደቁ ተማሪዎች መልሱን እያወቁ ጣታቸው ደንዝዞ መጻፍ እንዳቃታቸው ሲያስረዱኝ አምኜ ነጥብ የጨመርኩባቸው ጊዜያት አሉ። ብርዱም ትዕግሥቱ አይጣል ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ሲከሰስ አንድ ቀን እንኳ «ኧረ እኔ አይደለሁም» ብሎ አያውቅም።

ስለዚህ የፊቴ ግራ ጎን ሥራ መልቀቅ ሲጀምር ሰፈሩ ምክንያቱን ለማወቅ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። በነገራችን ላይ ስሜ መኩሪያ ነው፤ ሰፈሩ ጋሽ መኩሪያ ይለኛል። ተወልጄ ያደግኩት አንኮበር ነው። ለሥራ ብዬ ደብረ ብርሃን መጣሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጡረታም ወጣሁ። ጡረታ የወጣ ሰው አርፎ መቀመጥ ያለበት ይመስላችኋል? የእድር ሊቀመንበር አደረጉኝ።

ነገሩ የጀመረው በዓይን ነው። ከፋሲካ በኋላ ግራ ዓይኔ ማንንም ሳያስፈቅድ ይርገበገብ ጀመር። ባለቤቴ አስካለ መጀመሪያ ደስ አላት፤ ዓይን ከተርገበገበ ከሩቅ ሰው ሊመጣ ነው ማለት ነው ብላ ቤቱን አጸዳች፣ የእንግዳ አንሶላ አወጣች፣ እኔንም ዶሮ አስገዛችኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በር በሩን ስናይ ከረምን። የመጣ ሰው የለም። ዶሮዋን በመጨረሻ ራሳችን በላናት፤ ዓይኔ ግን መርገብገቡን አላቆመም።

እንግዲህ የእድር ሊቀመንበር ዋና መሣሪያው ፊቱ ነው። ወንበርና ድንኳን መቁጠር የጸሐፊው ሥራ ነው፤ የሊቀመንበሩ ሥራ ለቅሶ ቤት ገብቶ ያዘነ ፊት ማሳየት ነው። በክረምቱ መግቢያ አንድ ጎረቤታችን አረፉ። ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ እኔም እንደ ወጉ በእድሩ ስም ልናገር ተነሳሁ። የሟች ባለቤት ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። አንገቴን ደፍቼ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩና ቀና ስል ግራ ዓይኔ ሴትየዋን ጠቀሰ። አንዴ ቢሆን ትቢያ ገባበት ይባል ነበር። ሦስት ጊዜ፣ በተከታታይ! ምስኪኗ ሴት ለቅሷቸውን መሐል ላይ አቋርጠው አፈጠጡብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? አስካለ ደግሞ በሕዝብ ፊት የምትናገር ሴት አይደለችም፤ ቤት እስክንገባ ጠበቀችኝና፣ ገና የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ምን ዓይነት ድፍረት ነው ብላ እስከ ራት ድረስ አላናገረችኝም።

ክረምቱ ሲገፋ አፌም ዓይኔን ተከተለ። ሻይ ስጠጣ በግራ በኩል ይፈስሳል። ስስቅ ቀኙ ይስቃል፣ ግራው ዝም ብሎ ያያል። ይህ ነገር በሽምግልና ላይ ያመጣብኝን ጣጣ ብነግራችሁ አታምኑኝም። አንድ ቀን የተጣሉ ባልና ሚስት ላስታርቅ በመሐላቸው ተቀመጥኩ። ባልየው በቀኝ፣ ሚስትየው በግራ። ባልየው ፈገግ እያልኩ ሲያየኝ በችግሩ የምስቅበት መሰለው። ሚስትየው ፊቴ ድንጋይ ሆኖባት ገና ሳትናገር የፈረድኩባት መሰላት። ሁለቱም እኔ ላይ ተናደዱና እርስ በርስ ታርቀው ተያይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ እንዲያ የፈጠነ እርቅ አላየሁም።

ሕክምናስ? ሕክምናማ ነበረ። አስካለ ዳማከሴ ጨምቃ ፊቴን አሸችኝ። በከተማችን ፋብሪካ የተሠራ ብርድ ልብስ ጭንቅላቴ ላይ ጠምጥማ ዓይኔን ብቻ አስቀረችልኝ። ጠበል ሰባት ቀን ተጠመቅኩ፤ ፊቴን ባይመልሰውም ልቤን አሳርፎልኛልና አላማም። ጤና ጣቢያም ሄጄ እንክብል ተሰጠኝ፤ ይህ በሽታ ብዙ ሰው ላይ በራሱ ጊዜ ይመለሳል፣ ይጠብቁ ተባልኩ። ጠበቅኩ። እውነትም የብዙ ሰው ይመለሳል፤ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ እንዲሁ አፉ ተጣሞ በሁለት ወሩ ቀጥ ብሎለታል። የእኔ ግን መስቀል ደርሶ እንኳ ሊመለስ ቀርቶ ይባስ ብሎ መሄዱን ቀጠለ።

አስካለ እጄን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ዶክተር ሰናይት የምትባል ወጣት ሐኪም ናት የተቀበለችን። ቅንድብዎን ወደ ላይ ያድርጉ አለችኝ፤ አንዱ ወጣ፣ አንዱ ቀረ። ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ጉንጭዎን ይንፉ፣ ጥርስዎን ያሳዩኝ አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ሚስቴ አጠገቤ ቆማ፣ ለወጣት ሴት ጥርሴን ገለጥኩላት። ከዚያ በድንገት ነው የመጣው ወይስ ቀስ በቀስ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ነገሩ ብርድ መሆኑን፣ ነፋስ ደግሞ አቅጣጫ ስላለው በአንድ ጎን ብቻ መምታቱ የሚያስገርም እንዳልሆነ፣ በተለይ የእኛ ሰፈር ቁልቁለቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ምን እንደሚያጋጥም እንደ ጂኦግራፊ መምህርነቴ አስረዳኋት። ልጅቱ ጨዋ ናት፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ሲያልቅ ወደ አስካለ ዞር ብላ በስልክዎ ውስጥ የጋሼ ፎቶ ይኖራል ወይ አለቻት።

አስካለ ስልኳን አወጣች። የፋሲካ ዕለት የተነሳሁት አለ፤ ፊቴ ሙሉ ነው። በሰኔ ምርቃት ላይ የተነሳሁት አለ፤ የከንፈሬ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሏል። የነሐሴው አለ፣ የእንቁጣጣሹ አለ። ዶክተሯ አንድ በአንድ እያሳለፈች ስታሳየን ፊቴ እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ በየጣቢያው ጥቂት ጥቂት እየወረደ መሄዱን ያኔ ገና አየሁት። በየቀኑ ስላጭ የማየው ፊት እንዴት እንዲህ ያታልለኛል?

ዶክተር ሰናይት ቀስ ብላ ነገረችን። በድንገት የሚመጣው በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይመጣና ከዚያ በኋላ መመለስ ይጀምራል። የእኔ ግን በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሄደው፤ ከመሄዱም በፊት ሲርገበገብ ነበር። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከአንጎል ተነስቶ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ውስጥ በጠባብ መንገድ ያልፋል፤ እዚያ መንገዱ ላይ አንድ ነገር ሳይበቅልበት አይቀርም አለች። አንድ ነገር ማለት ምን ማለት ነው አልኳት። ዕጢ ሊሆን ይችላል አለችኝ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ ሁሉ ቀልድ ነበር፤ ያቺን ቃል ስሰማ ግን ፈራሁ። ዕጢው ካለና ትልቅ ከሆነ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልግ፣ ቀዶ ጥገናው ደግሞ ነርቩን ሊወስደው እንደሚችል፣ ነርቩ ከሄደ የቀረችኝ የግራ ፊቴ እንቅስቃሴ ሁሉ አብራ እንደምትሄድ ሳትደብቅ ነገረችኝ። ዕጢው ትንሽ ከሆነ ግን ሌላ መንገድ አለ። ስለዚህ ሁሉም ነገር በአንድ ምስል ላይ ተንጠለጠለ። የኤምአርአይ ምስል ያስፈልገኛል፣ ጥርት ያለ ይሁን፣ ነርቩ እንደ ክር ቀጭን ስለሆነ ትንሽ ብዥ ካለ ምንም አይታየኝም አለች። ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ።

የግል ምርመራ ማዕከሉ ስንደርስ መጀመሪያ የጠየቁኝ ሰውነቴ ውስጥ ብረት እንዳለ ነው። የለም አልኩ። ላዬ ላይስ? ሰዓት፣ ቀበቶ፣ ቁልፍ፣ ስልክ፣ መነጽር። ዕድሜዬን ሙሉ የተሸከምኩትን ብረት ያን ቀን ነው ያወቅኩት። የአንገቴን መስቀል አወለቅኩና ለአስካለ ሰጠኋት፤ ማተቡ ክር ነውና እሱ ከእኔ ጋር ይግባ ተባለ።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ሰዒድ ይባላል። ከየት ነህ አልኩት። ከአሊዩ አምባ ነኝ አለኝ። ወይ ጉድ! አንኮበር ከላይ፣ አሊዩ አምባ ከታች፤ እኛ ለገበያ ስንወርድ እነሱ በርበሬና ጨው ይዘው ሲጠብቁን የኖርን ሰዎች ነን። አባትህ ማን ናቸው ብዬ ብጠይቀው የእናቴ የበርበሬ ደንበኛ የሐጂ ሐሰን ልጅ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ ሰዒድ ለእኔ ባለሙያ አይደለም፣ ልጄ ነው። እኔም ለእሱ ታካሚ መሆኔ ቀረ፤ አባቱ ሆንኩ። መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰላምታ ትንሽ ልበል። እኛ አገር ሰላምታ የአፍ ሥራ ብቻ አይደለም፣ የወገብ ሥራም ነው። ሰው ደህና ነዎት ሲልህ ተቀምጠህ ከሆነ ትነሳለህ። ቆመህ ከሆነ ጎንበስ ትላለህ። ታመህ ተኝተህ ከሆነ ቢያንስ ከትራስህ ቀና ትላለህ። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በመጨረሻ ሕመማቸው ጊዜ ሊጠይቃቸው ለሚገባ ሁሉ ቀና ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር፤ ይተዉ ሲባሉ ደግሞ ይቆጡ ነበር። እኔ በዚህ ያደግኩ ሰው ነኝ። እሱም ብቻ አይደለም፤ ሰላም ያለህን ሰው መልሰህ ሳትጠይቀው፣ ቤተሰቡን ሳትጠይቅ፣ ዝናቡን ሳትጠይቅ ብትቀር አደግክ አይባልም።

አስተኙኝ። ጆሮዬን ደፈኑት። ጭንቅላቴን ቅርጫት በመሰለ ነገር ውስጥ አስገብተው በግራ በቀኝ ስፖንጅ ወተፉበት። ከዓይኔ በላይ አንዲት መስታወት አለች፤ በእሷ በኩል ሰዒድ ከመስኮት ወዲያ ተቀምጦ ይታየኛል። ሰዒድ እንዳልንቀሳቀስ፣ በተለይ ጭንቅላቴን እንዳላንቀሳቅስ ደጋግሞ ነገረኝ። ምን ችግር አለው አልኩት። ስድሳ ዓመት የሆነው ሰው ተኝቶ መቆየት ያቅተዋል እንዴ? አልጋው ተንሸራቶ ገባ። ማሽኑም መደብደብ ጀመረ፤ አሥር ቆርቆሮ ሠሪዎች አንድ ላይ የተቀጠሩ ይመስላል።

ድብደባው አንድ ጊዜ ቆም አለ። በድምፅ ማጉያው የሰዒድ ድምፅ መጣ፤ «ጋሽ መኩሪያ፣ ደህና ነዎት? የሚቀጥለው አራት ደቂቃ ነው።» በመስታወቷ ሳየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሏል። ምን ላድርግ? «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩና እጅ ነሳሁ። ተኝቼ፣ ቅርጫት ውስጥ፣ የጣት ያህል ብቻ። ማሽኑ ድብደባውን ቀጠለ። መሐል ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ደነገጥኩ፤ ልጁን መልሼ አልጠየቅኩትም! «አንተስ ደህና ነህ ወይ? ሐጂስ ደህና ናቸው?» ብዬ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ጮህኩ። አልሰማኝም። እንዳይቀየመኝ ብዬ ደገምኩት።

ሰዒድ ገብቶ አወጣኝና ተንቀሳቅሰዋል አለኝ። እኔ? አስካለ ትሙት አልተንቀሳቀስኩም ብዬ ማልኩ። እውነቴን ነው፤ እጅ መንሳት እንቅስቃሴ መሆኑን በዚያን ጊዜ ማን ነግሮኝ? ሁለተኛ ሞከርን። መሐል ላይ ደህና ነዎት አለኝ፣ እጅ ነሳሁ። ሦስተኛ ሞከርን። እንደዚያው ሆነ። ልጁ ግራ ገባው። የጆሮዬ ጀርባ በምስሉ ላይ የአንኮበር ጉም የወረደበት መሰለ፤ የሚፈለገው ቦታ ደግሞ ያው ጉም ውስጥ ነው። ካልሆነ በሌላ ቀጠሮ በማደንዘዣ አስተኝተን ነው የምናነሳዎት፣ ዛሬ ግን ለዶክተሯ የሚሆን ምስል አላገኘንም አለኝ። ፊቴ ይቅር አይቅር የሚወሰንበትን ምስል በገዛ እጄ ጉም አድርጌ ልመለስ ነው። ያውም ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ።

አስካለን ጠሯት። ሰዒድ አጠገብ ቆማ በመስኮቱ አየች። አራተኛው ሙከራ ሲጀመር ሰዒድ እንደ ልማዱ ደህና ነዎት ሲለኝ አስካለ ጭንቅላቷን ያዘች። የሆነውን በኋላ ስወጣ እሷ ናት የነገረችኝ፤ «ይኸ ሰውዬ እኮ ሰላም እያለህ ነው! ስልክ ሲደወልለት እንኳ ከወንበሩ ተነስቶ ጎንበስ የሚል ሰው ነው፤ አንተ ልጅ በሞቴ ደህና ነዎት አትበለው» አለችው። ሰዒድ አሻፈረኝ አለ። እንዴ እትዬ፣ አባት የሚሆኑኝ ሰው እዚያ ውስጥ ተኝተው ዝም ልበላቸው? ነገ አሊዩ አምባ ብወርድ ሐጂ ምን ይሉኛል? ይኸ እንዴት ይሆናል ብሎ ተከራከራት። ልጁን አትፍረዱበት፤ አስተዳደጉ እንደ እኔው ነው። እኔ መታረም ካልቻልኩ እሱ በምን ዕዳው ይታረማል?

መላውን ያመጣችው አስካለ ናት። ሰላምታችሁን አሁኑኑ፣ ሁሉንም፣ ጨርሱና ግቡ አለችን። ከማሽኑ አወጡኝ። ተነሳሁ። ከሰዒድ ጋር ትይዩ ቆምን። እንዴት ነህ፣ እንዴት ነዎት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ። ሐጂ እንዴት ናቸው፣ እናትህስ፣ ልጆቹስ፣ ጤፉ እንዴት ነው፣ ቆላው ዘነበላችሁ ወይ፣ ደጋው ገብሱ እንዴት ነው፣ አንኮበር መንገዱ ተሠራ ወይ። እንዴት ነህ፣ እንዴት ነዎት። ጎንበስ ቀና ጎንበስ ቀና ስንል ቀጣዩ ተረኛ በር ላይ ቆሞ ያየን ነበር፤ የሕክምናው አካል መስሎት እሱም ወገቡን ማፍታታት ጀመረ። ሲበቃን አስካለ አሁን ጨረሳችሁ፣ እስኪወጣ ድረስ ሰላም የሚል ሰው እኔን አያርገኝ ብላ በር ላይ ቆመች።

ገባሁ። ሰዒድ ፊቱን ከመስታወቷ አዞረልኝ። ያን ጊዜ ነው ፍርሃቱ የመጣብኝ። ሰላም የሚለኝ ሰው ሲጠፋ ብቻዬን ቀረሁ፤ ከጆሮዬ ጀርባ ያለው ነገር ምን ያህል ይሆን ማለት ጀመርኩ። ግራ ዓይኔ ገና ይጨፈናል፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ይጨፈናል። አፌም ቃል ገና አልነሣኝም። ይቺ ያለችኝ ብትቀርልኝ ሌላ ምንም አልጠይቅም ብዬ ተመኘሁ። ልጸልይ ብዬ የእመቤታችንን ጸሎት በልቤ ጀመርኩ። እሱም በሰላምታ የተሞላ መሆኑን ያስታወስኩት አንገቴ ሊነሳ ሲል ነው! ቶሎ ብዬ ወደ አባታችን ሆይ ዞርኩ። በመሐሉ አንዲት ነርስ ገብታ በክንዴ ደም ሥር መድኃኒት ሰጠችኝ፤ ዕጢ ካለ እሱን አብርቶ የሚያሳይ ነው አሉኝ። ነርሷ አስካለ አስጠንቅቃት ነው መሰለኝ ቃል ሳትናገረኝ ገብታ ቃል ሳትናገረኝ ወጣች። በሕይወቴ እንደዚያች ነርስ ባለጌም የተመሰገነም ሰው አላየሁም።

በሳምንቱ ዶክተር ሰናይት ዘንድ ቀረብን። መጀመሪያ የውጤቱን ወረቀት አነበበችልን። አናቱ ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ምስሎች ታካሚው ለመተባበር ፈቃደኛ አልነበሩም የሚል ተጽፎበታል። እኔ! የእድር ሊቀመንበር! ከመጠን በላይ ተባብሬ አይደለም እንዴ እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባሁት? ልከራከር አፌን ስከፍት አስካለ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ።

ከዚያ ምስሉን በስክሪኑ ላይ ከፈተችው። ጥርት ብሏል። ያ የተቆለፈው የጭንቅላቴ ውስጥ እንደ መንደር ካርታ ተዘርግቷል፤ ካርታ ሳነብ ለኖርኩ ሰው ደስ የሚል ነገር ነው። ከጆሮዬ ጀርባ በቀጭኑ መንገድ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ትበራለች። የምስር ፍሬ ታህላለች። ይቺ ናት አለችን። ዕጢ ናት። አስካለ እጄን አጥብቃ ያዘች።

ዶክተሯ ግን ፊቷ አልከፋም። ጠባይዋ ክፉ አይመስልም፣ ከነርቩ ሽፋን ላይ የሚበቅል ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ነው፣ ያገኘናትም ገና ትንሽ ሳለች ነው አለች። አሁን ብንቆርጣት ነርቩንም ይዘን ልንወጣ እንችላለን፤ ፊትዎ ደግሞ ገና ብዙ ይሠራል፣ ስለዚህ አንነካትም። ታዲያ ምን እናድርግ አላት አስካለ። ምንም። ምንም? ዳማከሴ እንኳ? የዓይን ጠብታ ይጠቀሙ፣ ሲተኙ ግራ ዓይንዎ እንዳይደርቅ ይሸፈን፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ሌላ ምስል ይነሱ፣ ያኔ ካላደገች እያየናት እንኖራለን፣ ካደገች ግን ስለ ቀዶ ጥገና እንነጋገራለን አለች። ደስታዬ ምን ያህል እንደነበር አልነግራችሁም። ከቢሮው ስንወጣ ለዘበኛው፣ ለጽዳቷ ሴትዮ፣ ለታካሚዎቹ ሁሉ እጅ እየነሳሁ ነው የወጣሁት፤ ያን ቀን የከለከለኝ የለም።

ሰፈር ገብቼ ዕጢ መሆኑን ነገርኳቸው። ሁሉም በጥሞና አዳመጡኝ፣ አዘኑልኝ፣ ትንሽ በመሆኗም ደስ አላቸው። ከዚያ በኋላ አንዱ ጎረቤቴ ለሁሉም ሆኖ ተናገረ፤ ዕጢዋንም ያመጣት ያው ብርዱ ነው አለ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጉዳዩም በዚሁ ተዘጋ።

ስድስት ወር እንዲህ በቀላሉ የሚያልፍ እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ከንፈሬን እለካለሁ። አስካለ ደግሞ ሥልጠና ጀመረችልኝ። ከምሳ በኋላ አልጋ ላይ ታስተኘኝና በሩ ላይ ቆማ ደህና ነህ ወይ ትለኛለች። ዝም እላለሁ። ጋሽ መኩሪያ፣ እንደምን ዋልክ ትለኛለች። ዝም። ሲያቅተኝ አውራ ጣቴን ጨብጬ እይዛለሁ። በአንደኛው ወር አንገቴ በራሱ ይነሳ ነበር፤ በአምስተኛው ወር የአገሩ ሹም ቢመጣ እንኳ የማልነቃነቅ ሰው ሆንኩ።

ቀኑ ደረሰ። ሰዒድ ሲያየኝ አቀፈኝ፤ ሰላምታውን እንደ በፊቱ በሙሉ ጨርሰን ገባሁ። ግን ልጁ ምን ያድርግ፣ ልማድ ነው፤ ሁለተኛው ምስል ላይ «ጋሽ መኩሪያ፣ ደህና ነዎት?» ብሎ አመለጠው። እኔ ዝም። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። እኔ ድንጋይ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራኝ ድምፁ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ እኔም ፈተናው ሊያጠምደኝ መሰለኝና ትንፋሼን ሳይቀር ያዝኩ። ወዲያው ማሽኑ ቀጥ አለ፣ በሩ ተበረገደ፣ ሰዒድ እየጮኸ ገብቶ አልጋውን ጎትቶ አወጣኝ። ይህን የመሰለ ሰው ሰላም ሲሉት ዝም ካለ በሕይወት የለም ማለት ነው ብሎ ደምድሞ ነው። ዓይኔን ገልጬ፣ ምነው ልጄ፣ አትንቀሳቀስ ብለኸኝ የለም እንዴ አልኩት። ላቡን ጠረገና ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ። ምስሉ ሁሉ ከመጀመሪያው ተደገመ።

ዶክተር ሰናይት የበፊቱንና የአሁኑን ምስል ጎን ለጎን ከፈተቻቸው። ስትለካ፣ ስታጎላ፣ መልሳ ስትለካ እኔና አስካለ ትንፋሻችንን ይዘን እናያታለን። በመጨረሻ ወደ እኛ ዞራ ፈገግ አለች። ቅንጣት አልጨመረችም፤ ነርቩም ባለበት አለ፤ ቀዶ ጥገና የለም፤ በሚቀጥለው ዓመት እንገናኝ አለች። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ለዶክተሯም ለስክሪኑም እጅ ነሳሁ፤ በግማሽ ፊቴ ስስቅ እንባዬ በሌላው ግማሽ ወረደ። አስካለ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ያችን ነጭ ነጥብ ለረጅም ጊዜ አየቻትና፣ ከዚህ ሰውዬ አካል ውስጥ አርፈህ ተቀመጥ ሲሉት የሰማች እሷ ብቻ ናት አለች።